ሦስተኛዋ ምክንያት ከየት ትምጣ? ባለ አምስት አንቀጽ ድርሰት ይቅር ወይስ ይቆይ (ክርክር)

ባዶ ወረቀት፦
እስቲ በዚህ እንከራከር። ትምህርት ቤት ድርሰት ሲያስተምሩን የሰጡንን ፎርሙላ ታስታውሳላችሁ አይደል፣ መግቢያ አንድ፣ ሐተታ ሦስት፣ መደምደሚያ አንድ፣ አለቀ። መግቢያው ላይ ሦስት ምክንያትህን ትጠራለህ፣ መሀል ላይ አንድ ባንድ ትዘረዝራቸዋለህ፣ መጨረሻ ላይ «ከላይ እንደተገለጸው» ብለህ መልሰህ ትጠራቸዋለህ። እኔ «ፎርሙላው ይቅር» ከሚሉት ነኝ። ማክሰኞ ማታ የእህቴ ልጅ የቤት ሥራ ስትሠራ አጠገቧ ነበርኩ፣ ርዕሱ ተማሪ ሞባይል ይዞ ክፍል ይግባ ወይስ አይግባ ነው። አይግባ አለችና ሁለት ጥሩ ምክንያት ጻፈች፣ አንዱማ ከራሷ የመጣ ነው፣ ጓደኛዋ ሳታውቅ ክፍል ውስጥ ፎቶ ተነስታ ፎቶው በየስልኩ ሲዞር እንዴት ሦስት ቀን እንደቀረች። ከዛ እርሳሷን እየነከሰች ቁጭ። ምነው ስላት «ሦስተኛ ምክንያት አጣሁ»። ሁለቱ አይበቃም ወይ ስላት እንደ ሞኝ አየችኝ። መጨረሻ ላይ «ሞባይል ዓይን ያበላሻል» ብላ ሞላችው። ታምኚበታለሽ? «አይ፣ አንቀጹ መሙላት አለበት»። የጓደኛዋን ታሪክ ደሞ ላንድ አንቀጽ አምስት ዓረፍተ ነገር ነው የተባልነው ብላ ቆርጣ አሳጠረችው። እኔን ያበሸቀኝ እሱ ነው።

ጠመኔ፦
እንዲህ ማለት ቀላል ነው ወንድሜ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ። አንድ ዓመት በነፃነት ጻፉ ብዬ ሞክሬው አውቃለሁ፣ ከክፍሉ ግማሽ የሚሆነው ስሙን ብቻ ጽፎ ያንተን ስም መለሰልኝ፣ ባዶ ወረቀት 😂። የጻፉት እነማን ነበሩ? ቤታቸው መጽሐፍ ያለ፣ ቤታቸው ሰው የሚያወራቸው ልጆች። ሊሳ ዴልፒት የምትባል አሜሪካዊት የትምህርት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1988 ያነሳችው ክርክር ይሄው ነው፣ ሕጉን ከቤታቸው ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ፣ ለሌሎቹ አስተማሪ በግልጽ ካልነገራቸው ማንም አይነግራቸውም። ደሞስ ግጥምም ቤት ይመታል እኮ፣ ቤት መምታት ገጣሚ ገድሎ ያውቃል?

ሌሊት ወፍ፦
በአሁኑ ሰዓት በዓለማችን ላይ ድርሰት ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ወሳኝ ነው። በሁለተኛ ደረጃ በጣም ወሳኝ ነው። ለማጠቃለል ያህል ወሳኝ ነው። ስንት ታረመልኝ ቲቸር?

ማርጂን፦
ቲቸር በአክብሮት፣ እርሶ ያሉት ለጀማሪ ልክ ነው፣ ልጅ ዳዴ ሲል የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ችግሩ መያዣውን መልሶ የሚወስድበት የለም፣ አራተኛ ክፍል የያዘውን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ይዞት ይሄዳል፣ ለምን? ፈተናው ነዋ። የአሜሪካኑን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ኤስኤቲን እዩት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ድርሰት ጨመሩበት፣ 25 ደቂቃ ነበር የሚሰጠው፣ ተማሪው እዛው ፈተናው ላይ በሚያየው ርዕስ ነበር የሚጻፈው። ሌስ ፔረልማን የሚባል የኤምአይቲ የጽሑፍ አስተማሪ ታርመው ለናሙና የወጡትን ሰብስቦ ሲያያቸው ረጅሙ ጽሑፍ ከፍተኛ ማርክ እየያዘ ይሄዳል፣ ከሩቅ ርዝመቱን ብቻ አይቶ ማርኩን መገመት ይቻላል ነው ያለው። አራሚዎቹ ደሞ የመረጃ ስህተት ቢያገኙ እንዳይቀጡ ተነግሯቸዋል፣ ጦርነቱ የተጀመረበትን ዓመት ብትስት ችግር የለውም፣ አንቀጽህ ይሙላ እንጂ! ኋላ ድርሰቱን በውዴታ አደረጉት፣ በ2021 ለአብዛኛው ተፈታኝ ቀረ። ይሄው ሰውዬ ከተማሪዎች ጋር ሆኖ ሦስት ቃል ስትሰጠው ትርጉም የለሽ ድርሰት የሚያመርት ፕሮግራም ሠርቶ ለማረሚያ ሶፍትዌር ሲሰጠው ጥሩ ማርክ አገኘ 😅። እና የምንለካው ምንድነው?

ጠመኔ፦
ኤስኤቲን እኔ አላወጣሁት። እኔ ያለኝ አንድ ቅዳሜና እሁድ እና የወረቀት ክምር ነው፣ ፎርሙላ ሲሆን የቱ ጋ ምን እንዳለ ስለማውቅ ቶሎ ቶሎ አርማለሁ፣ ይሄን ማመን አለብኝ፣ ግማሹ ምክንያት የልጆቹ ሳይሆን የኔ ነው።

ባዶ ወረቀት፦
ተባረኪ ቲቸር ይሄን ስላመንሽ፣ ከልቤ ነው።
ግን ድርሰት በእንግሊዝኛ «ኤሴ» ነው አይደል፣ ቃሉ ራሱ ከፈረንሳይኛ ሲመጣ ሙከራ ማለት ነው፣ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሞንቴኝ በ1580 ጽሑፎቹን እንደዛ ብሎ ሲሰይማቸው እስቲ ልሞክረው ማለቱ ነው፣ አንድ ነገር ይጀምርና ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ይጠራጠራል፣ የራሱን ሐሳብ መልሶ ያፈርሳል። እኛ ግን ልጁ ገና ብዕር ሳያነሳ መደምደሚያውን እንዲያውቅ ነው የምንጠይቀው። እኔ ራሴ ተማሪ እያለሁ አንድ ድርሰት መሀሉ ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ፣ መግቢያው ላይ ደግፌ ሦስተኛው አንቀጽ ጋ ስደርስ የጻፍኩት ራሱ አላሳምን አለኝና ተቃወምኩ፣ በቀይ «ርዕስ ስተሃል» ተብሎ ተመለሰልኝ። ያን ቀን የተማርኩት ሐሳብ መቀየር ማርክ እንደሚያስቆርጥ ነው።

ሀ ግዕዝ፦
ኧረ ይሄ አዲስ በሽታ አይደለም። ቻይና ውስጥ በሚንግና በቺንግ ዘመን የመንግሥት ሹመት ፈተና ባለ ስምንት እግር ድርሰት የሚባል ነበረው፣ ስምንት ክፍል፣ መሀል ላይ ያሉት መስመሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሚዛን መጠበቅ አለባቸው። መቶዎች ዓመት ሰው ዕድሜውን እሱን ሲለማመድ ጨረሰ፣ ፈተናው ከነጭራሹ የቀረው በ1905 ነው። ተሟጋቾቹ ይሉት የነበረው ግን ቲቸር ካሉት ጋር አንድ ነው፣ እርማቱ ፍትሐዊ ይሆናል፣ የድሃም ልጅ ሕጉን ካወቀ ያልፋል። ግማሽ እውነት ስላለው ነው ያን ያህል የቆየው።

ሌሊት ወፍ፦
አሁን ቁምነገር ላውራ፣ ቻትጂፒቲ ባለ አምስት አንቀጹን በሰከንዶች ያወጣዋል ከነሦስት ምክንያቱ። ማሽን እንዲህ በቀላሉ የሚሠራውን ልጅን 12 ዓመት ማሠልጠን ምንድነው ጥቅሙ? የጓደኛዋን ፎቶ ታሪክ ግን ማሽኑ ከየት ያመጣዋል፣ እሱ ያለው ልጅቷ ጋ ብቻ ነው።

ማርጂን፦
እሱም ይፈጥርልሃል ብትለው 😒 ግን ገብቶኛል።
ቲቸር አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ፎርሙላውን ሳይጥሉ ቁጥሩን ብቻ ቢያነሱትስ? መግቢያና መደምደሚያ ይኑር፣ መሀሉን ግን ያለህን ያህል ጻፍ ቢባል፣ አንድ ምክንያት ያለው አንዱን አብጠርጥሮ ይጻፍ።

ጠመኔ፦
«ስንት መስመር ይሁን ቲቸር» ብለው ይገድሉኛል። ግን ባንድ ክፍል እሞክረዋለሁ፣ ለፈተና በማይቆጠረው። ለሚቆጠረው አልደፍርም፣ የማርክ መስጫው ላይ «ሦስት ምክንያት አቅርቧል» የሚል ሣጥን አለ፣ እሱን እኔ መሰረዝ አልችልም።

ባዶ ወረቀት፦
የልጅቷ ወረቀት ዛሬ ተመልሷል። ከ10 ሰባት። ዓይን ያበላሻል የምትለዋ አጠገብ ራይት አለ። የጓደኛዋ መስመር ስር ደሞ በቀይ «ምሳሌ ቢኖረው ጥሩ ነበር» ይላል።