የዲፋይ ወርክፍሎን ከክላውድና ከከርሰር ጋር በኤምሲፒ ፕለጊን ማገናኘት አልሆነልኝም

ባለላፕቶፕ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዲፋይ (የኤአይ አፕ መሥሪያው) ላይ አንድ ወርክፍሎ፣ ማለትም ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ሥራ፣ ሠርቻለሁ፤ የቤት ኪራይ ውል ጽሑፍ ይቀበልና የኪራዩን መጠን፣ ቅድመ ክፍያውንና ውሉ የሚያልቅበትን ቀን ለይቶ ያወጣል። እዚያው ዲፋይ ውስጥ ስሞክረው ጥሩ ነው። የጫንኩት በዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ዝግ ሳጥን ውስጥ የሚያስኬድ)፣ የራሴ ላፕቶፕ ላይ ነው። አሁን ዲፋይን ሳልከፍት ከክላውድ (የአንትሮፒክ ኤአይ) ወይም ከከርሰር (ኤአይ ያለው ኮድ መጻፊያ) ሆኜ ልጠራው ፈለግኩ። የኤምሲፒ (ኤአይ ውጭ ያሉ መሣሪያዎችን የሚጠራበት ፕሮቶኮል) ሰርቨር ፕለጊኑን ዲፋይ ላይ ጫንኩ፣ አፑን መረጥኩ፣ ቱሉን፣ ማለትም ሞዴሉ የሚጠራውን መሣሪያ፣ «ውል_አጣሪ» አልኩት፣ ሁለት ሊንክ ሰጠኝ፤ አንዱ በኤስኤስኢ፣ ሌላው በኤምሲፒ ያልቃል። ክላውድ ላይ እንደ ኮኔክተር (የውጭ አገልግሎት ማገናኛ) ሳስገባው እምቢ አለ። ከርሰር ይገናኛል፣ ስጠይቀው ግን ኤረር ነው። የቱን ሊንክ ነው የምጠቀመው?

ሽቦ፦
ሁለት የተለያየ ችግር ነው ያለህ፣ አታደባልቃቸው። ሊንክህ በሎካልሆስት (ማሽን ራሱን የሚጠራበት አድራሻ) የሚጀምር ከሆነ የክላውድ ኮኔክተር መቼም አያገኘውም፣ ምክንያቱም ጥያቄውን የሚልከው ካንተ ላፕቶፕ ሳይሆን ከአንትሮፒክ ሰርቨር ነው። ከርሰር የሚነሳው እዚያው ካንተ ማሽን ስለሆነ ተገናኘ። ክላውድ ዴስክቶፕን ከፈለግክ ኮኔክተሩን ተወውና በኮንፊግ ፋይሉ ግባ፤ ኤምሲፒ-ሪሞት የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም እንዲያስነሳ ታዘዋለህ (ኖድ ጄኤስ መጫን አለበት)፣ እሱ ላፕቶፕህ ላይ ቁጭ ብሎ መሃል ያገናኛል።
ከሊንኮቹ በኤምሲፒ የሚያልቀውን ውሰድ። ኤስኤስኢው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ፕሮቶኮሉ ሲወጣ የነበረው አሠራር ነው፤ በማርች 2025 በሌላ ተተክቷል።

ሰረዝ፦
የከርሰሩ ኤረር ከስሙ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ክላውድን ሞዴል አድርገህ ከሆነ የቱል ስም በላቲን ፊደል፣ በቁጥር፣ በሰረዝና በአንደርስኮር ብቻ ነው የሚጻፈው፤ የግዕዝ ፊደል ካየ ኤፒአዩ (ጥያቄውን የሚቀበለው የሞዴሉ በር) ጥያቄውን እንዳለ ይመልሰዋል። የኢንፑቶቹም ስም እንደዚያው። በዚያ ላይ ጄሶኑ (ፕለጊኑ ላይ ቱሉን የገለጽክበት ጽሑፍ) ላይ የጻፍከው የኢንፑት ስም ወርክፍሎው ስታርት ኖድ (መነሻ ደረጃ) ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ኢንፑት የለም ይልሃል።
የቱሉን መግለጫ ግን በአማርኛ ብትጽፈው ችግር የለውም። እኔ በእንግሊዝኛ ነው የምጽፈው፤ አማርኛ ብዙ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍ የሚቆጥርበት ቁራጭ) ይበላል፣ መግለጫው ደግሞ ቱሉ ባይጠራም በየጥያቄው አብሮ ይሄዳል።

ፈጣን፦
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? በኤንግሮክ (ላፕቶፕ ላይ ላለ ነገር የኢንተርኔት ሊንክ የሚሰጥ ፕሮግራም) ላፕቶፑን ወደ ውጭ ክፈተው፣ ሊንኩን ኮኔክተሩ ላይ ለጥፍ፣ አለቀ።

ሽቦ፦
ኧረ እንዳታደርገው! ፕለጊኑ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ወርክፍሎህን ይጠራል፣ የሞዴሉን ሂሳብ የምትከፍለው አንተ ነህ። የሰው ውል ያለበት ነገር ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። የፕለጊኑ ሠሪም በግል ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ተጠቀሙት ነው የሚለው።
በነገራችን ላይ የዲፋይህ ቨርዥን ስንት ነው? ከ1.6.0 ወዲህ፣ ማለትም ከጁላይ 2025 ጀምሮ፣ ኤምሲፒ እዚያው ውስጡ አብሮ መጥቷል። አፑን ከፍተህ የኤምሲፒ ሰርቨሩን ማብራት ነው፤ ያለ ፕለጊን ይሠራል። ጄሶን በእጅ መጻፍም ይቀርልሃል። እኔ ብሆን ፕለጊኑን የምይዘው ቨርዥኔ የቆየ ከሆነና ማሻሻል ካልቻልኩ ብቻ ነው።

ባለላፕቶፕ፦
ተባረኩ። ስሙን ቀየርኩት፣ ከርሰር ላይ ሠራ። ቨርዥኔ የቆየ ነው፣ ቅዳሜ አሻሽለዋለሁ። አሁን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ረጅም ውል ስሰጠው ወደ ወርክፍሎው የሚሄደው ሙሉ ጽሑፉ አይደለም፤ ሞዴሉ ራሱ አሳጥሮ ይልከዋል። ቅድመ ክፍያው የተጻፈበት አንቀጽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሰረዝ፦
ያው ኢንፑቱን የሚሞላው ሞዴሉ ነው፣ ኮፒ ፔስት አይደለም፤ ቃል በቃል መልሶ መጻፍ አለበት፣ ሲረዝምበት ያሳጥራል። የኢንፑቱ መግለጫ ላይ «ሙሉውን ጽሑፍ ሳትቀንስ ላክ» ብለህ ጻፍ፣ ይረዳል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አትመነው። የሚሻለው ጽሑፉን በእሱ በኩል አለማሳለፍ ነው። ውሎቹን አንድ ቦታ አስቀምጥ፣ ቱሉ የሚቀበለው የውሉን ቁጥር ብቻ ይሁን፣ ወርክፍሎው በኤችቲቲፒ ኖድ (ከድር አድራሻ ዳታ የሚያመጣ ደረጃ) ራሱ ሄዶ ያምጣው። ዶከር ውስጥ መሆኑን ግን አትርሳ፤ እዚያ ሎካልሆስት ብለህ ብትጽፍ ላፕቶፕህን ሳይሆን ኮንቴይነሩን ራሱን ነው የሚያየው።