የፕሮጀክተሩ ፕሮፖዛል፣ ረቂቅ 3 (አስተያየት እስከ እሁድ)

ጸሐፊ፦
ፕሮፖዛሉ ባለፈው የተመለሰብን ባለ 120 ሄርዝ ፕሮጀክተር ለምን እንዳስፈለገን ስላላስረዳን ነው። አሁን እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፦ «ያለን ማሽን ሪፍሬሽ ሬቱ 60 ሄርዝ ነው፣ ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል፣ አንዱ ፍሬም (አንዱ ምስል) 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ 120 ሲሆን ወደ 8.3 ይወርዳል፣ ለጌም እንቅስቃሴው ይጠራል፣ ለፊልምም ይጠቅማል።» የጎደለ ካለ ጨምሩ።

የፊልም ምሽት፦
«ለፊልምም ይጠቅማል» ብለህ ዘለልከው እኮ! ግማሹ አባል ጌም ነክቶ አያውቅም፣ መዋጮው ግን እኩል ነው። እንዲህ በለው፦ አብዛኛው ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፣ 24 ደግሞ 60 ላይ እኩል አይካፈልም፣ ስለዚህ አንዱን ፍሬም 3 ጊዜ ቀጣዩን 2 ጊዜ እያሳየ ነው የሚያዳርሰው፣ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ ንቅንቅ ንቅንቅ የሚለው ለዛ ነው። 120 ላይ እያንዳንዱ 5 ጊዜ ይታያል፣ አለቀ።

ባለ ሁለት ኮንሶል፦
ልክ ነው፣ ግን 24ን ራሱን ተቀብሎ በ48 ወይም በ96 የሚያሳይ ማሽንም ያንን ይፈታዋል፣ ስለዚህ ለ120 ዋናው ምክንያት ጌም ነው። ደግሞ ካርቶኑ ላይ 120 ስላለ ብቻ አንግዛ፣ አንዳንዱ 120 የሚለው ለ3ዲ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ በ1080 ጥራት 120 ይቀበልና ከዛ የሚበልጠውን 4ኬ ጥራት ስትሰጠው 60 ላይ ይቆማል፣ ሌላው 60 ተቀብሎ መሃል ላይ የራሱን ፍሬም እየፈጠረ ይሞላል፣ ይሄኛው ለጌም መርዝ ነው ምክንያቱም የመሃሉን ለመፍጠር ቀጣዩ ፍሬም እስኪመጣ መጠበቅ አለበት። «4ኬ በ120 ከኮንሶል የሚቀበል፣ ኤችዲኤምአይ 2.1» ተብሎ ይጻፍ። ኤችዲኤምአይ ምስሉን የሚያመጣው ገመድና መሰኪያ ነው፣ 2.0 የሚባለው በሰከንድ እስከ 18 ጊጋቢት ነው የሚያስተላልፈው፣ 2.1 እስከ 48።

ሂሳብ ያዥ፦
ሪሞቱ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?

ጸሐፊ፦
ሪሞቱ ከፕሮፖዛሉ ጋር ምን አገናኘው?

ሂሳብ ያዥ፦
ያገናኘዋል። ያሁኑ ሪሞት ሁለቴ ጠፍቶ ሁለቴም ከጋራው ገንዘብ አውጥቼ ነው የገዛሁት፣ ደረሰኙ እኔ ጋ አለ። ለአዲስ ማሽን እኔ ፈርሜ ሪሞቱ ማን ኪስ እንደገባ የማይታወቅ ከሆነ አልፈርምም።

ወንበር አቅራቢ፦
ቀድሞ የመጣ ይያዘው

የፊልም ምሽት፦
ቀድመው የሚመጡትማ ጌመሮቹ ናቸው! ባለፈው ጌም ሞድ (ምስሉን ብዙ ሳያስተካክል ቶሎ የሚያሳይበት) ላይ ትተውት ሄደው ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀለሙ የገረጣ ፊልም አይተን ወጣን፣ ሪሞት ብንፈልግ የለም።

ባለ ሁለት ኮንሶል፦
እናንተስ ማለስለሻውን (ያን የመሃል ፍሬም የሚፈጥረውን) አብርታችሁ አይደል እንዴ የምትሄዱት? በስልኬ ስሎሞሽን በሰከንድ 240 ፍሬም ቀርጬ አንድ በአንድ ቆጥሬዋለሁ፣ አውራ ጣቴ ቁልፉን ከተጫነ ጀምሮ ሰውየው እስኪዘል 31 ፍሬም፣ ወደ 130 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ጌም ሞድ ላይ መልሼ ኪስቶኑንም (የተጣመመ ምስል የሚያቃናውን) ዜሮ አድርጌ ስቆጥር 14፣ ወደ 58። ያው ማሽን፣ ያው 60 ሄርዝ። ስንት ጨዋታ የተሸነፍኩት በእናንተ ነው።

ሂሳብ ያዥ፦
ቆይ፣ ያለን ማሽን በሪሞት ብቻ ከግማሽ በላይ የሚሻሻል ከሆነ አዲስ ለምን እንገዛለን?

ጸሐፊ፦
ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ፕሮፖዛሉን በገዛ እጅህ ገደልከው!

ባለ ሁለት ኮንሶል፦
አልገደልኩም፣ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሄርዙ ምስሉ በሰከንድ ስንቴ እንደሚታደስ ነው፣ ላጉ ደግሞ ከመጫንህ እስከማየትህ ያለው መዘግየት ነው፣ ባለ 120 ሆኖም ውስጡ ምስሉን ሲያስተካክል የሚዘገይ አለ። ሁለቱንም ጻፋቸው ነው የምለው። ሰው ልፋቴን ካላከበረ ግን እኔን ከኮሚቴው አውጡኝ።

ነባር አባል፦
ልጆች ረጋ በሉ። ኪስቶኑን የምታበሩት ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ አጋድሎ ስለሚቀመጥ ነው፣ ጣሪያ ላይ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ቢሰቀል ማስተካከያ አያስፈልገውም፣ ምስሉም አይደበዝዝም። ይህን ከዚህ በፊትም ብያለሁ፣ የሰማኝ የለም።

ኬብል ሳቢ፦
ጋሼ ትክክል ነዎት። ግን ግድግዳው ውስጥ ያለው ኬብል አሮጌ ነው፣ 15 ሜትር ይሆናል፣ በዛ ርቀት 48 ጊጋቢት ተራ መዳብ አይችለውም፣ ፋይበር ነው የሚያስፈልገው። ይሄን ሳትነኩ ባለ 120 ብትገዙ ወይ ምስሉ ይጠፋል ወይ 60 ላይ ነው የሚሰራው። ቅዳሜ ሄጄ ለክቼ እዚህ እጽፋለሁ።

ሂሳብ ያዥ፦
ሪሞቱ አሁንም አልተመለሰም።

ወንበር አቅራቢ፦
ቁልፍ ያለው ሳጥን ግድግዳው ላይ ይመታ በቃ፣ ፊልምና ጌም የሚል ወረቀት ይለጠፍበት፣ የወጣ ሰው ወደነበረበት ሞድ መልሶ ይቆልፍ

የፊልም ምሽት፦
በዚህ እስማማለሁ። ባለፈው የተናገርኩት ከበዛ ይቅርታ።

ባለ ሁለት ኮንሶል፦
እኔም። ኮሚቴው ላይ አለሁ።

ጸሐፊ፦
@ኬብል ሳቢ ቅዳሜ አልፏል፣ ልኬቱ የታል?

ጸሐፊ፦
@ኬብል ሳቢ?

ጸሐፊ፦
እሺ፣ ልኬት ስለሌለን የፋይበሩን ዋጋ ማስገባት አልቻልኩም፣ ያለሱ ደግሞ ማሽኑን ብቻ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ረቂቅ 4ን ለጥፌዋለሁ፣ ርዕሱ «የጣሪያ መስቀያና የሪሞት ሳጥን» ነው፣ ባለ 120ው አባሪ ሆኗል። ሂሳብ ያዧ እፈርማለሁ ብላለች።

የፊልም ምሽት፦
ስለ 24 ፍሬም የጻፍኩት ግን የት ገባ?

ጸሐፊ፦
እሱም አባሪው ውስጥ ነው።