«ጥቁር ጉድጓድ»፣ «ትንሽ»፣ «ጥንታዊ»፦ ስለ ዘጠነኛዋ ፕላኔት የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር

ሐረግ ለቃሚ፦
ይህች የተተረጎመች ዓረፍተ ነገር ትታይልኝ። «ከኔፕቱን ማዶ የተደበቀችው ፕላኔት ትንሽ ጥንታዊ ጥቁር ጉድጓድ ሳትሆን አትቀርም።» ሰዋስዉ አይጎረብጥም። ቃላቱ ግን አንድ በአንድ ያጠራጥራሉ።

ባለ ምሕዋር፦
ትልቁ ስሕተት መጨረሻው ላይ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። «ሳትሆን አትቀርም» ወደ «ናት» ያደላ አነጋገር ነው። ሐሳቡን በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያቀረቡት የፊዚክስ ባለሙያዎቹ ያኩብ ሾልትዝ እና ጄምስ አንዊን ይህን ያህል አልደፈሩም፤ የጽሑፋቸው ርዕስ ራሱ ጥያቄ ነው። አማርኛ ለዚህ አንድ ቃል ይበቃዋል፦ «ብትሆንስ?»

«ዘጠነኛዋ» የሚሏት ፕላኔትም ብትሆን ገና መላምት ናት። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ኮንስታንቲን ባቲጂን እና ማይክ ብራውን በ2016 ያነሡት ነጥብ፣ ከኔፕቱን ማዶ እጅግ ርቀው የሚዞሩ አንዳንድ በረዷማ አካላት ሞላላ ምሕዋራቸው ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል የሚል ነው። ይህን ለማድረግ ከምድር ከ5 እስከ 10 እጥፍ ቁስ ያለው፣ ከፀሐይ ከ400 እስከ 800 የሥነ ፈለክ አሃድ ርቆ የሚዞር አካል ይበቃል (አንዱ አሃድ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)። በአንጻሩ ዝንባሌው ቴሌስኮፖቹ ሰማዩን እኩል ስላላሰሱ የመጣ ነው የሚሉ ባለሙያዎችም አሉ። ስለዚህ ትክክለኛው አባባል «ብትኖር፣ ብትሆንስ?» ነው። ሁለት «ብ» ተደራርበዋል፤ አንዷን የጣለ ተርጓሚ ወሬ አሳምሯል።

ደብተራው፦
«የተደበቀች» ይቅር። መደበቅ ፈቃድ አለበት፤ «ሥውር» ይበቃል። ለዚህ ጉዳይ የተፈጠረ የሚመስለው ቃል ግን «ፍለጋ» ነው። በቆየው አማርኛ ፍለጋ መፈለግ ብቻ ሳይሆን ዱካም ነው፤ «ፍለጋውን ተከተለ» ሲባል እርሱ በረገጠበት ረገጠ ማለት ነው። እዚህ ሁለቱም ትርጉሞች አብረው ይሠራሉ። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ለቬሪዬ የዩራነስን ዱካ በስሌት ተከትሎ ቦታውን ሲያመለክት፣ ጋለ የተባለው ተመልካች በ1846 በርሊን ላይ ኔፕቱንን አገኛት። ያው ለቬሪዬ በሜርኩሪ ዱካ ሌላ ፕላኔት ጠቁሞ ነበር፤ ያችኛዋ የለችም። ዱካው የምን እንደሆነ የታወቀው በ1915 በአይንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ ነው።

ሐረግ ለቃሚ፦
«ትንሽ» ላይስ ምን ትላላችሁ? «ሚጢጢ» ብለው የጻፉም አሉ።

ባለ ምሕዋር፦
ትንሽ በምን? በስፋት ወይስ በቁስ? እዚህ ላይ ነው አንባቢ የሚሳሳተው። የምድር ቁስ በሙሉ ተጨምቆ ብላክ ሆል (ጥቁር ጉድጓድ የምንለው፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው አካል) ቢሆን ሬዲየሱ 8.9 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ ማባዛት ብቻ ነው፤ 5 ምድር 4.4 ሴንቲ ሜትር፣ 10 ምድር 8.9 ሴንቲ ሜትር። የ5 ምድሩ ከዳር እስከ ዳር 9 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። እነሾልትዝ በትክክለኛ ልኩ ሥለውት ጽሑፋቸው ገጽ ላይ ተመችቶት ተቀምጧል። የድንጋይ ኳስ እንዲህ አይደለም፤ እፍጋቱ ሳይለወጥ ስፋቱን እጥፍ ለማድረግ 8 እጥፍ ቁስ ይፈልጋል። እና «ሚጢጢ» ብቻውን ያሳስታል። «ከመዳፍ እምብዛም የማይሰፋ፣ ቁሱ ግን ከምድር አምስት እጥፍ» ብሎ ማስረዘም ይሻላል።

ሰዋስው ወዳጅ፦
«ጉድጓድ» ደግሞ ታች ያለው፣ ዳሩ የሚረገጥ ነገር ነው። «ቀዳዳ» ካልን ማዶ ያለው ይመስላል። ሁለቱም አይሆኑም። «የውሃ ሽታ ሆነ» ከሚለው ፈሊጥ አንድ ስም ብናወጣስ? የገባው ሁሉ አይመለስም።

ደብተራው፦
ፈሊጡ ያምራል፤ ፊዚክሱ ግን አይቀበለውም። የውሃ ሽታ የሆነ ነገር ምልክት አይተውም። ብላክ ሆል የገባው ቁስ ግን በስበቱ ይታወቃል፤ ዱካ አለ የምንለውም በዚሁ ነው። «ጥቁር ጉድጓድ» ለምዷል፣ ይቆይ። ጅራታም ኮከብም ኮከብ አይደለም፤ ማንም ስሙን አልነጠቀውም።

ባለ ምሕዋር፦
እስማማለሁ፤ መታረም ያለበት ስሙ ሳይሆን ግሱ ነው። «ይመጥጣል»፣ «ይውጣል» ተብሎ ስለተጻፈ ሰው ይደነግጣል። ስበት የመጣው «ሳበ» ከሚለው ነው፤ እርሱ ይብቃን። ቁሱ እኩል እስከሆነ ድረስ በዚያ ርቀት ፕላኔትም ብላክ ሆልም እኩል ይስባሉ፤ የበረዷማ አካላቱ ምሕዋር ሁለቱን መለየት የማይችለውም ለዚህ ነው። ልዩነቱ ቀርበው ሲያዩት ነው። ፕላኔት ብትሆን ገጿ ላይ ስንደርስ እንቆማለን። የ5 ምድሩን ብላክ ሆል እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ብንጠጋው ግን ስበቱ ምድር ላይ ከምናውቀው 200 እጥፍ ይደርሳል።

ሰዋስው ወዳጅ፦
«ጥንታዊ» የዕድሜ ቃል ነው፤ ሙዚየም ይሸታል። «ቀዳማዊ» ሲሉ ደግሞ የንጉሥ ስም ይከተላል ብዬ እጠብቃለሁ።

ባለ ምሕዋር፦
ዋናው ዕድሜው ሳይሆን አወላለዱ ነው። ከኮከብ ሞት የሚወለደው ብላክ ሆል ቢያንስ የፀሐይን ጥቂት እጥፍ ያህል ቁስ አለው። 5 ምድር ግን የፀሐይ 66 ሺህኛ ገደማ ነው፤ ከኮከብ ሊመጣ አይችልም። ካለ፣ የመጣው ዩኒቨርስ ገና ሲጀምር ከነበረው እፍግ ያለ ቁስ ነው። ብላክ ሆል ጨረር እየረጨ ይተንናል ስለሚባል «ተንኖ አላለቀም ወይ?» ለሚል፦ የዚህ ዓይነቱ ሙቀት 0.004 ኬልቪን (ከፍፁም ዜሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ) ገደማ ነው፤ በዙሪያው ያለው፣ ከዩኒቨርስ ጅማሬ የተረፈው ጨረር 2.7 ኬልቪን ስለሆነ ከሚሰጠው የሚቀበለው ይበልጣል።

ሐሳቡን ያነሣሣው ኦግል የተባለው የሰማይ ቅኝት ያገኛቸው 6 አጫጭር የከዋክብት ድምቀቶች ናቸው፤ በእኛና በኮከቡ መሐል ያለፈ የማይታይ አካል በስበቱ ብርሃኑን ለጥቂት ሰዓታት ሲያጎላው የሚሆን ነው። ያ አካል ግን ኮከብ የሌላት ፕላኔትም ልትሆን ትችላለች።

ደብተራው፦
ለእነዚያ «ባይተዋር ፕላኔት» የሚለው ስም ልክክ ይላል። ለብላክ ሆሉ «ጥንተ ፍጥረት ብላክ ሆል» እላለሁ።

ሐረግ ለቃሚ፦
የቀረችኝ «ትታያለች» ናት። «በቺሊ ያለው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ ሲያስስ ትታያለች» ይላል ተከታዩ ዓረፍተ ነገር።

ባለ ምሕዋር፦
ፕላኔት ከሆነች ልትታይ ትችላለች፤ የመስታወቱ ስፋት 8.4 ሜትር ነው። ቢሆንም የፀሐይ ብርሃን ሄዶ መመለስ ስላለበት ርቀቷ እጥፍ ሲሆን ድምቀቷ በ16 ይከፈላል። ብላክ ሆል ከሆነ ግን «ይታያል» አይባልም፤ «ይገኛል» እንጂ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ አሚር ሲራጅ እና አቪ ሎብ በ2020 እንዳሉት፣ ጅራታም ኮከብ ሲጠጋው ተበጣጥሶ የሚያበራውን ብልጭታ ያው ቴሌስኮፕ ሊይዝ ይችላል። የፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ዊተን በዚያው ዓመት ያቀረበው ደግሞ ብዙ ትንንሽ መንኮራኩሮችን ልኮ በምልክታቸው መድረሻ ሰዓት ላይ ስበቱ ያመጣውን መዛነፍ መለካት ነው።

ሐረግ ለቃሚ፦
እንግዲህ፦ «ከኔፕቱን ማዶ ሥውር ፕላኔት ብትኖር፣ እሷም ቁሷ ከምድር አምስት እጥፍ ሆኖ ከመዳፍ እምብዛም የማትሰፋ ጥንተ ፍጥረት ብላክ ሆል ብትሆንስ?»

ሰዋስው ወዳጅ፦
«የማይሰፋ» ይሁን። ፕላኔት እሷ ናት፤ ብላክ ሆል ከሆነች በኋላ እሱ ነው።