አስቸኳይ! የሚቴን መለኪያዬ ዜሮ ላይ አልቆም አለ

ጨረር፦ ሰዎች እርዱኝ! በሌዘር የሚሠራ የሚቴን ጋዝ መለኪያ ነው፣ የሌዘሩ የሞገድ ርዝመት 1654 ናኖ ሜትር። ነገ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ። ሚቴን የሌለበት ንጹሕ ናይትሮጅን አስገብቼ እንኳ ንባቡ ይወጣል ይወርዳል። ሌዘሩ ያለቀለት ይመስለኛል። ሌላ ልግዛ?

ቶሎ መላሽ፦ ካሊብሬት አድርገው፣ ንባቡን በሚታወቅ ጋዝ አስተካክለው።

ጨረር፦ አድርጌዋለሁ። ትንሽ ይቆይና መልሶ ይንሸራተታል።

አንጋፋው፦ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ሚቴን የራሱን የሞገድ ርዝመት መርጦ ብርሃን ይመጥጣል፤ ያ ቦታ መስመር ይባላል። የሌዘሩ የሞገድ ርዝመት በዚያ መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ብርሃን ተቀባዩ ዲቴክተር የጎደለውን ብርሃን ያያል። የጎደለው መጠን የጋዙን ክምችትና ብርሃኑ የሚሄድበትን ርቀት ይከተላል። የቢር-ላምበርት ሕግ ይባላል። ይህን ሳያውቁ መሣሪያ መፍታት...

እንቅልፍ አልባ፦ ጋሼ፣ ልጁ ነገ ነው የሚያስረክበው። ፈተናው ሌላ ቀን ይሁን 😂

ለስላሳው፦ ረዘም ላለ ጊዜ አማካይ ውሰድ። ጫጫታው ይጠፋል።

ፈታሽ፦ አይጠፋም። አማካይ የሚያጠፋው የዘፈቀደ ጫጫታን ነው፣ ይሄ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ነገር ነው። ሌዘሩ አልቋል የሚለውንም አልቀበልም። ዲቴክተሩ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ቀንሷል?

ጨረር፦ ኧረ ምንም አልቀነሰ።

ፈታሽ፦ እንግዲያው ገንዘብህን አታባክን። ናይትሮጅኑ እያለፈ ሲግናሉን ከሞገድ ርዝመቱ አንጻር ሣለው። እኩል የተራራቁ ሞገዶች አሉ?

ጨረር፦ አሉ! በየ0.027 ናኖ ሜትሩ ይደጋገማሉ። እንዴት አወቅክ?

ፈታሽ፦ ኤታሎን ነው። በሁለት ትይዩ ገጾች መካከል የሚመላለስ ብርሃን ከዋናው ጨረር ጋር እየተደራረበ ሞገድ ይሠራል። 0.027 ናኖ ሜትር እዚህ ጋ 3 ጊጋኸርዝ ነው፤ በአየር ውስጥ የ5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ማለት ነው። ክፋቱ፣ ይሄ ስፋት በተራ የአየር ግፊት ካለው የሚቴን መስመር ስፋት ጋር ይቀራረባል። መሣሪያው ሚቴን ያገኘ ይመስለዋል። ደግሞ 5 ሴንቲ አሉሚኒየም ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ከ1 ማይክሮን በላይ ይለጠጣል። ሞገዱን ሙሉ ዙር ለማንሸራተት 0.83 ማይክሮን ይበቃል። ካሊብሬሽንህ የማይበረክተው ለዚህ ነው። 5 ሴንቲ የሚራራቁ ምን አሉህ?

ጨረር፦ ሌንሱና የሴሉ፣ ማለትም ጋዙ የሚገባበት ክፍል፣ መስኮት።

ፈታሽ፦ መስኮቱን ጥቂት ዲግሪ አዘንብለው፣ ተመላሹ ብርሃን ከመንገዱ ይወጣል። የሽብልቅ ቅርጽ ያለው መስኮት ካገኘህ ደግሞ ይሻላል፤ ሁለቱ ገጾቹ ትይዩ አይደሉም። ብርሃን የሚያስተላልፍ ፋይበር ካለው ጫፉ በ8 ዲግሪ የተቆረጠ መሆኑን እይ።

ቶሎ መላሽ፦ እኔ ግን ካሊብሬሽን ነው እላለሁ።

አንጋፋው፦ አንድ ነገር ልጨምር። መስኮቱ ሲያዘነብል ጨረሩ ቦታውን ይለቃል፤ ዲቴክተሩ መሃል ላይ ማረፉን እይ። የዲቴክተሩም መስታወት ያንጸባርቃል፣ እሱንም ትንሽ አዘንብለው።

እንቅልፍ አልባ፦ ጋሼ ቁም ነገር ተናገሩ! ቀኑ ይመዝገብ።

ጨረር፦ እየፈታሁ ነው። መስኮቱ በማጣበቂያ ነው የታሸገው፣ ኤጭ!

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ አሁን ነው ያየሁት። ካሊብሬት አድርገኸዋል?