አጥንት አለት ላይ እየጣለ የሚሰብረው ትልቅ አሞራ ግልገል ይበላል እንዴ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጎቼን የማሰማራበት ገደል አካባቢ አንድ በጣም ትልቅ አሞራ እየተመላለሰ ነው፣ ደረቱ ብርቱካናማ ነው፣ መንቁሩ ስር ጥቁር ጺም የመሰለ ነገር አለው፣ አጥንት ይዞ ከፍ ይልና አለት ላይ ይለቀዋል። ዛሬ ጠዋት አንድ ግልገል ሞቶ ተበልቶ አገኘን፣ ጎረቤቴ ሥጋ ላይ መርዝ አድርገን እንጨርሰው እያለኝ ነው፣ እኔ ልቤ እምቢ አለኝ። የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ እባካችሁ።

ማሂ፦ ወንድሜ መርዙን እንዳታስነካ! እሱ ጺማም ጥንብ አንሳ ነው፣ ምግቡ ከ70 እስከ 90 በመቶ አጥንት ነው። ትንንሹን እንዳለ ይውጠዋል፣ የጨጓራው አሲድ ኃይለኛ ስለሆነ አጥንቱን ያሟሟዋል። ጉሮሮው የማያሳልፈውን ነው ከላይ የሚጥለው፣ ካልተሰበረ አንስቶ ደግሞ ይሞክራል። ሌሎቹ አሞራዎች ሥጋውን ሲጨርሱ ነው የሱ ተራ።

የደጋው፦ ልክ ናት። አልፎ አልፎ ኤሊ ምናምን ይይዛል እንጂ እግሩ እንደ ንስር ጨምድዶ ለመግደል የተሠራ አይደለም። ጓንት አድርገህ ንክሻው ጋ ቆዳውን ገፈፍ አድርገህ እይ፣ በሕይወት እያለ ከተነከሰ ከቆዳው ስር ደም ቋጥሮ ታገኛለህ፣ ከሞተ በኋላ ከተበላ ግን እንደዛ አይሆንም። በሽታ ከጠረጠርክ ግን ሳትነካው የእንስሳት ሐኪም ጥራ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ንስር ቢሆንስ በምን ልለየው?

ማሂ፦ ሲበር ጅራቱን እይ፣ ረጅም ሆኖ ጫፉ ሾል ያለ ነው፣ ክንፉም ረጅምና ቀጠን ያለ፣ ከጫፍ ጫፍ ከ2 ሜትር በላይ ነው። ብርቱካናማው ደግሞ ብረት ያለበት ጭቃ ውስጥ እየታጠበ የሚያመጣው ቀለም ነው፣ በጣም ነው የሚገርመኝ! ጫጩቱ አድጎ ዓመታት እስኪያልፉት ጠቆር ያለ ስለሆነ እሱን ሌላ አሞራ እንዳይመስልህ።

ሰላም፦ ለጎረቤትህ ይሄን ንገረው፣ መርዝ ያለበትን ሥጋ ውሻውም ይበላዋል። አውሮፓ አልፕስ ተራሮች ላይ ልክ በዚሁ ግልገል ይወስዳል በሚል ወሬ ገድለው ጨረሱት፣ ከዛ ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጫጩት እያሳደጉ እንደገና ሲለቁ ነው የኖሩት። ቶሎ አይተካም፣ ሁለት እንቁላል ቢጥል እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድገው አንዱ ብቻ ነው።

የደጋው፦ ለጊዜው የሚወልዱትን በጎች በረት አስገባ፣ ሌሊት ቀበሮም የባዘነ ውሻም ሊሆን ይችላል፣ ዱካ ካለ ሳይጠፋ ፎቶ አንሳው።

ጠያቂ፦ እሺ፣ አሁኑኑ ጎረቤቴን ይዤ ሄጄ ቆዳውን አብረን እናየዋለን።