ለገና እንግዶቼ ያሰብኩት ኮክቴል አልሳካ ስላለኝ እርዳታችሁን እጠይቃለሁ

የምኖረው ደሴ ነው። ታኅሣሥ 29 ለሚከበረው ገና አሥራ ሁለት ያህል እንግዶች ቤቴ ይሰበሰባሉ፤ ግማሾቹ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እኛ ለዒድ ከእነርሱ ቤት እንደማንቀር ሁሉ እነርሱም ለገና ከእኛ አይቀሩም። ሥጋውን እንኳ በየሃይማኖቱ ለየብቻ አሳርደን ስለምንስተናገድ፣ ለመጠጡም ያንኑ ያህል መጠንቀቅ እወዳለሁ።

ያሰብኩት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጂን፣ የብርቱካን ጭማቂ፣ ሎሚና ማር የሚገባበት ሲሆን፣ በሙከራዬ ማሩ በቀዝቃዛው ጭማቂ ውስጥ አልሟሟ ብሎ ከብርጭቆው ሥር ተጋገረ። በእኩል መጠን ለብ ባለ ውኃ አሟሙቼ ስጨምረው ተዋሐደ፤ ነገር ግን መጠጡ ቀጠነብኝ። ውኃውን ምን ያህል ልቀንስ?

ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ አልኮል የሌለበት ነው። መሠረቱን ብርዝ አድርጌ፣ ዝንጅብልና ሎሚ ልጨምርበት አስቤ ነበር፤ ሆኖም ከሁለት ቀን በፊት የበረዝኩት፣ ጌሾ ሳይነካው፣ አረፋ አውጥቶ መፍላት ጀመረ። ማር በውኃ ሲቀጥን በራሱ እርሾ ወደ አልኮል እንደሚሄድ ስለማውቅ፣ ያንን ለሙስሊም እንግዳ ማቅረብ አልደፈርኩም። በበዓሉ ጠዋት ደግሞ ከዶሮ ወጡ ሥራ ፋታ አላገኝም። በዋዜማው ማታ በፈላ ውኃ በርዤ፣ አቀዝቅዤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ባሳድረው ሳይፈላ ይቆይልኛል ወይስ ብርዙን ትቼ በብርቱካንና በዝንጅብል ብቻ ልሥራው? ማንቆርቆሪያውንና ብርጭቆውን ለይቻለሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ መጠኑን ጭምር ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።