የኋላ ባሌስትራ ካስነሣሁ በኋላ የመጣ ንዝረት፦ የፒኞን (ከትራስሚሲዮኑ ጋር የሚገናኘው የዲፈረንሻል መግቢያ ዘንግ) ማዕዘን ላይ እርዳታ ፈልጌ

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ ባለአንድ ቁራጭ ትራስሚሲዮን (ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርስ ዘንግ) ያለው አሮጌ ፒክአፕ አለኝ። ለገጠር መንገድ ብዬ የኋላውን በባሌስትራ ሥር በተገባ ብሎክ 7 ሳንቲሜትር ካስነሣሁት ወዲህ፣ ከ70 እስከ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወለሉን የሚያርገፈግፍ ንዝረት ይዞኛል። በዚያው ፍጥነት ካምቢዮውን ዜሮ ላይ ሳደርገውና የሞተሩ ዙር ሲወርድ ንዝረቱ ስለማይለወጥ ሞተሩን ከጥርጣሬ አውጥቻለሁ፤ ጎማዎቹ ባላንስ ተደርገዋል፣ ክሮቼራዎቹም (በትራስሚሲዮኑ ሁለት ጫፎች ያሉት ተጣጣፊ የመስቀል መገጣጠሚያዎች) ልል አይደሉም፣ እነሱን የሚይዙት የትራስሚሲዮኑ ሁለት ሹካዎችም በአንድ መስመር ናቸው።

መኪናው በራሱ ክብደት ቆሞ ስለካ ካምቢዮው ወደ ኋላ 4 ዲግሪ፣ ትራስሚሲዮኑ 9 ዲግሪ ያዘቀዝቃሉ፤ ፒኞኑ ግን ወደ ፊት 7 ዲግሪ ቀና ብሏል። ስለዚህ የፊቱ ክሮቼራ 5፣ የኋላው 2 ዲግሪ ይታጠፋል ማለት ነው፤ እኩል አለመሆናቸው ነው የሚያሳስበኝ። ብሎኩ ሽብልቅ ቅርጽ እንዳለው ያየሁት ዘግይቼ ነው፤ ገጣሚው ፒኞኑን ወደ ትራስሚሲዮኑ ማስተያየቱ በጎ መስሎት ይሆናል።

ጥያቄዬ፦ ባሌስትራው ነዳጅ ስሰጥ ተጠማዞ ፒኞኑን ስለሚያነሣው፣ ከካምቢዮው ጋር እኩል በ4 ዲግሪ ልግጠመው ወይስ ወደ 3 ላውርደው? በ4 ከገጠምኩት በሁለቱም በኩል 5 ዲግሪ መታጠፉስ ለክሮቼራዎቹ ይበዛል? ከበዛ የካምቢዮውን መያዣ በስፔሰር (በመሐል በሚገባ ማራቂያ) ዝቅ ማድረግ ይሻላል ወይስ ብሎኩን ማሳጠር?